ለአፓላቺያን ትሬይል ድንኳን ሲመርጡ፦ ከግራሙ በፊት መረቡ

ከጆርጂያው ስፕሪንገር ተራራ ተነስቶ ሜይን ውስጥ ካታዲን ተራራ ላይ የሚያልቀው አፓላቺያን ትሬይል የተባለው የአሜሪካ የእግር ጉዞ መንገድ 14 ግዛቶችን አቋርጦ ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ለዋሽንግተን ዲሲ ሐበሻ ቅርብ ከሆኑት ክፍሎቹ አንዱ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክን የሚያቋርጠው 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁሉንም ልሂድ ያለም ሆነ ሼናንዶዋ የሚበቃው ሰው ሱቅ ሲገባ «ስንት ግራም ነው?» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ግን የትኛው ተናካሽ ውጭ እንዲቀርለት እንደሚፈልግ ይወስን።

ቢምቢን ማንኛውም ደህና አጎበር ያስቀረዋል። በሜይና በጁን ወራት ሜይን ግዛት ውስጥ የሚያስመርረው ጥቁር ዝንብ የሚነክሰው በቀን ስለሆነ ለመኝታ ብዙም አያሳስብም። የሚያስቸግሩት ትንንሾቹ ናቸው፤ አንደኛው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ኖሲየም የሚባለው ትንኝ፣ ሌላው የላይም በሽታን የሚያስተላልፈው መዥገር። ገና ያላደገው መዥገር የጤፍ ፍሬ ቢያክል ነው። አይበርም፣ አይዘልም፤ በሣርና በረገፈ ቅጠል ላይ እየተሳበ ይመጣል። ስለዚህ ወለል የሌለው፣ ጫፉ መሬት ላይ የሚወድቅ መረብ ቢምቢን ሲያግድ መዥገርን ያሳልፋል። ወለሉ ዙሪያውን ከመረቡ ጋር የተሰፋ፣ ጠርዙም ከ8 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ የቆመ ይሁን። ይህ ጠርዝ የዝናብ ፍንጣሪንም ያስቀራል።

ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ ኖሲየም ሾልኮ ይገባል፤ ቤት ያለውን አጎበር ቆርጦ ለመስፋት ያሰበ ሰው ሐሳቡን ይተው። ኖሲየምን የሚያስቀረው መረብ ቀዳዳው 0.6 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን በካሬ ሜትር ከ17 እስከ 30 ግራም ይመዝናል። ለአንድ ሰው 4 ካሬ ሜትር ቢያስፈልግ በ17 ግራሙና በ24 ግራሙ መካከል ያለው ልዩነት 28 ግራም ብቻ ነው። ቀጭኑ በእሾህና በጥፍር ቶሎ ይተረተራል፤ ለወራት ጉዞ የ24ቱ ይሻላል። ከውስጥ ሆኖ ውጭውን ለማየት ጥቁር መረብ ከነጩ ይመረጣል። መረቡ ጥቅጥቅ ባለ ቁጥር ግን ነፋስም አያስገባም፤ በጁላይ ሙቀት ይህ ይታወቃል።

በጣም ቀላሉ አማራጭ ሸራና ከሥሩ የሚንጠለጠል፣ ወለል ያለው የመረብ ከረጢት ነው። ሂሳቡን እንሥራው። 2.7 በ2.1 ሜትር የሆነ፣ ሲሊኮን የጠጣ ናይለን ሸራ በካሬ ሜትር 45 ግራም ቢይዝ 255 ግራም ይመጣል። ከረጢቱ 200፣ ስምንት ካስማ 80፣ ገመድ 40 ግራም፤ ድምሩ 575። ምሰሶ አይገዛም፤ ሁለቱ የጉዞ ምርኩዞች ምሰሶ ይሆናሉ። መንገዱ ላይ ከ250 በላይ ባለ ሦስት ግድግዳ መጠለያዎች ስላሉ፣ እዚያ ያደረ ሰው ሸራውን ትቶ ከረጢቱን ብቻ ይሰቅላል። ድክመቱ ጥበቱ ነው። መረቡ ፊት ወይም ክርን ላይ ካረፈ በመረቡ በኩል ይነከሳሉ። ከፊት በላይ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል በቀጭን ገመድ ከሸራው ጋር ይታሰራል፤ ማሰሪያ ቀለበት የሌለውን አይግዙ።

ሸራና መረቡ አንድ ላይ የተሰፋው ባለ አንድ ግድግዳ ድንኳን ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ግራም ይመዝናል፤ በዝናብ መሐልም ቶሎ ይተከላል። ችግሩ ትንፋሽ ነው። እርጥበቱ ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ጤዛ ሆኖ ያድርና ስሊፒንግ ባጉን ያረጥባል። በሸራው ግርጌና በመሬቱ መካከል ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ፣ ዝናብ ከሌለ በሩን ጠቅልለው በመረቡ ብቻ ይደሩ፣ ወንዝ ዳር ባለ ጎድጓዳ ቦታ አይትከሉ። ርዝመቱ ከቁመትዎ 40 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ፤ ቁመትዎ 1.75 ሜትር ከሆነ 2.15 ማለት ነው። ከዚህ ካነሰ እግርዎ ግድግዳውን ይነካል። በሁለት ዛፎች መካከል የሚታሰረው ተንጠልጣይ መኝታ፣ ሃሞክም አለ፤ ግን ቢምቢ ቀጭኑን ጨርቅ ከጀርባ በኩል አልፎ ይነክሳል፣ በኒው ሃምፕሸር ዋይት ተራሮች አናት ላይ ደግሞ ማሰሪያ ዛፍ የለም።

አምራቾች «ትንሹ ክብደት» ብለው የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ካስማውን፣ ገመዱንና መያዣውን አይጨምርም። በወጥ ቤት ሚዛን ራስዎ ይመዝኑት።

ስለ ጨርቁ፦ ናይለን ሲረጥብ ስለሚለጠጥ ሌሊት ይረግባል፤ ከመተኛትዎ በፊት ገመዱን እንደገና ይወጥሩ። ፖሊስተር ላይ ይህ ያነሰ ነው። ዳይኒማ የሚባለው ጨርቅ ውሃ አይጠጣም፣ አይለጠጥም፤ ግን ውድ ነው፣ ፍትጊያም አይችልም።

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበላሸው ዚፕ ነው። አሸዋ ሲገባበት መሳቢያው ይላላል፣ ጥርሶቹም ከኋላ ከኋላ ይከፈታሉ። በውሃና በጥርስ ብሩሽ ያጽዱት፤ ከላላ የመሳቢያውን ሁለት ጎን በፒንሳ በጣም በቀስታ ይጫኑ፣ ኃይል ከበዛ ይሰበራል። ጥግ ላይ ጠበብ ብሎ ከሚጠማዘዝ ዚፕ ቀጥ ያለው ዕድሜ አለው። ሲገዙ ሁለት ዚፕ የሚገናኙበትን ጥግ በጣት ይፈትሹ፤ ነፍሳት የሚሾልኩት ብዙውን ጊዜ በዚያ ነው። ከመንገድ በፊት ግቢ ውስጥ ተክለው የውሃ ጎማ ይልቀቁበት። የሚያፈስ ስፌት ካለና ጨርቁ ሲሊኮን የጠጣ ከሆነ በሲሊኮን ማሸጊያ ይድፈኑት፤ ፖሊዩረቴን የተቀባው ጨርቅ ላይ ግን ሲሊኮን አይዝም፣ የራሱ ማሸጊያ አለው።

ከመግባትዎ በፊት እግርዎንና ካልሲዎን ለመዥገር ይፈትሹ፤ ይዘውት ከገቡ መረቡ ምንም አያደርግም። ልብስና ጫማ ላይ ፐርሜትሪን የሚባለው ነፍሳት ገዳይ በ0.5 በመቶ ይረጫል፤ እስኪደርቅ ድረስ ከድመት፣ ሁልጊዜም ከወንዝ ይራቅ፣ ለዓሣ መርዝ ነው። ቆዳ ላይ ከሚቀቡት ነፍሳት ማባረሪያዎች ከዲት ይልቅ 20 በመቶ ፒካሪዲን ይሻላል፤ ዲት የነካው እጅ የፕላስቲክ ማያያዣና ከፕላስቲክ የተሠራ የሰዓት ፊት ያበላሻል።