የዲፒ ወርልድ ቱርን የጎልፍ ዓመት ከኅዳር እስከ ኅዳር እንዴት መከታተል ይቻላል

ጎልፍ ማየት የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እሁድ ማታ ነው። ቴሌቪዥን ይከፍታል፤ አንድ ሰውዬ ኳስ ቀዳዳ ውስጥ ይከታል፤ ይጨበጨባል፤ ዋንጫ ይነሳል። “በቃ ይኼው ነው?” ብሎ ቻናል ይቀይራል። አልፈርድበትም። ከመጨረሻው ገብቶ ጎልፍ የሚጥመው ሰው አላየሁም። ዓመቱን ሙሉ ከተከታተላችሁት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አንድ ተራ የአርብ ምሽት ልብ ሊያንጠለጥል ይችላል።

እዚህ የማሳያችሁ ዲፒ ወርልድ ቱርን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከአገር አገር የሚዞሩ ተከታታይ የጎልፍ ውድድሮች ናቸው። እስከ 2021 የአውሮፓ ቱር ይባል ነበር። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ወርና ቀኑን ግን በእኛ።) ዋና ቢሮው እንግሊዝ፣ ዌንትዎርዝ ነው። ውድድሮቹ ግን ከአውስትራሊያ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ ከኬንያ እስከ ኮሪያ ይዞራሉ። በገንዘብም በስምም የአሜሪካው ፒጂኤ ቱር ይበልጣል። ለእኛ ሰው ግን ይኼኛውን እመርጣለሁ። አብዛኛው ጨዋታ በቀን ነው የሚደርሰን፤ ደግሞም ናይሮቢ ድረስ ይመጣል።

መጀመሪያ፦ ካላንደሩን በሦስት ክፈሉት

ይኼ ቱር ኅዳር ላይ ይጀምራል፣ ኅዳር ላይ ያልቃል። የ2025ቱ የመጨረሻ ውድድር ዱባይ ላይ ያለቀው ኅዳር 7 ነበር። የቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያ ውድድር ደግሞ አውስትራሊያ፣ ብሪስቤን ላይ ኅዳር 18 ተጀመረ። የዓመቱ እረፍት ይቺው ናት።

በመሀል ከ40 በላይ ውድድሮች አሉ። ሁሉንም ለማየት የሚነሳ ሰው እስከ ጥር እንኳ አይዘልቅም። ከ2024 ጀምሮ ዓመቱ በሦስት ክፍል ተመድቧል፤ እናንተም እንደዚያው ያዙት። የመጀመሪያው ረጅሙ ነው። በአካባቢ የተቧደኑ አምስት ምድቦች አሉት፤ የእያንዳንዱ ምድብ አሸናፊ የራሱ ጉርሻ አለው። ሁለተኛው ባክ ናይን ይባላል፤ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ድረስ ዘጠኝ ውድድሮች ናቸው። ሦስተኛው አቡ ዳቢና ዱባይ ላይ የሚደረጉት ሁለቱ ማጠቃለያዎች ናቸው።

ከመጀመሪያው ክፍል አምስት ወይም ስድስት ውድድር ብቻ ምረጡ። ባክ ናይንን ግን በሙሉ ተከታተሉ። የአየርላንድ ኦፕን፣ ዌንትዎርዝ ላይ የሚደረገው ቢኤምደብሊው ፒጂኤ፣ የፈረንሳይና የስፔን ኦፕን ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። ምርጫችሁን በወረቀት ጻፉት። የስልክ ማስታወሻ ላይ የተጻፈ ካላንደር ተመልሶ አይታይም።

ቀጥሎ፦ ሦስት ሰው ምረጡ

አንድ ኮከብ፣ አንድ መሀል ላይ ያለ፣ አንድ ደግሞ መቶኛ ደረጃ አካባቢ የሚፍጨረጨር። ኮከቡ ቀላል ነው፤ ሮሪ ማኪልሮይን ያዙ። ሁለቱን ከደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትጠቁሙም ችግር የለውም።

ሦስተኛውን ሰው ግን እንዳትዘሉት። የዚህን ቱር ወሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣችሁ እሱ ነው። እንግሊዛዊውን ማርኮ ፔንጅን እንዩ። በ2024 መጨረሻ የመጫወቻ ካርዱን፣ ማለትም በቱሩ ላይ የመጫወት መብቱን፣ ያተረፈው ለጥቂት ነው። በ2025 ቻይና ውስጥ ሃይናን ላይ፣ ከዚያ ዴንማርክ፣ ከዚያ ስፔን አሸነፈ፤ ዓመቱንም ከማኪልሮይ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ከዓመት በፊት ስሙን የያዘ ሰው ምን ያህል እንደተዝናና አስቡት። ኮከብ ብቻ የሚከተል ሰው ይኼን ሁሉ የሚሰማው ካለቀ በኋላ ነው።

ሰዓቱን ወደ እኛ መልሱ

ይኼን አንዴ ሥሩትና ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፉት። ናይሮቢ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። ደቡብ አፍሪካ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት። እንግሊዝ በበጋቸው ሁለት ሰዓት፣ በክረምታቸው ሦስት ሰዓት ከእኛ ኋላ ነው። ዌንትዎርዝ ላይ በመስከረም በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት 7:30 የሚወጣ ተጫዋች በእኛ ከጠዋቱ 3:30 ላይ ይመታል።

ተንኮለኛዋ አውስትራሊያ ናት። ብሪስቤን ሰባት ሰዓት ይቀድመናል። እዚያ በእኛ አቆጣጠር ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን እኛ ገና ረቡዕ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነን። ሐሙስ ከቁርስ በኋላ የውጤት ሰሌዳውን የሚከፍት ሰው አብዛኛው የቀኑ ጨዋታ አልቆ ያገኘዋል። ለእሷ እንቅልፍ አታጥፉ፤ ቱሩ በዩቲዩብ ገጹ ላይ የሚለቀው ማጠቃለያ ይበቃል።

አሁን ከባዱ፦ ሰሌዳውን ማንበብ

አንድ ውድድር አራት ቀን ነው፤ ከሐሙስ እስከ እሁድ። በቀን አንድ ዙር፣ በዙር 18 ቀዳዳ። እያንዳንዱ ቀዳዳ የተመደበለት የምት ብዛት አለው፤ ፓር ይባላል። ከፓር በአንድ ያነሰ ምት በርዲ፣ በሁለት ያነሰ ኢግል፣ በአንድ የበለጠ ቦጊ ነው። ሰሌዳው ላይ የምታዩት ከፓር ያለውን ልዩነት ነው፤ ስለዚህ የመቀነስ ምልክት ያለበት ጥሩ ነው። በቁጥር ፋንታ “ኢ” የሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ከተቀመጠ ሰውዬው ፓር ላይ ቆሟል። እስከዚህ ድረስ አንድ ቀን ይበቃችኋል።

የሚያሳስተው ሌላ ነው። ሐሙስ ረፋድ ላይ ሰሌዳውን ስትከፍቱ አናት ላይ ያለው ሰው መሪ ይመስላችኋል። ላይሆን ይችላል። ሙሉ ውድድር ላይ 156 ሰው ይሰለፋል፤ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይወጣል። ረፋድ ላይ ከሰዓት የሚወጡት ገና ኳስ አልነኩም። አርብ ተራው ይገለበጣል፤ የሐሙስ ጠዋት ሰዎች ከሰዓት ይወጣሉ። ጠዋት ብዙ ጊዜ ነፋሱ ረጋ ያለ ነው፤ ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ሣርም ገና አልተረገጠም። ባሕር ዳር ባሉት የስኮትላንድና የአየርላንድ ሜዳዎች ከሰዓት የሚነሳ ነፋስ የግማሹን ሰው ውጤት ሊያበላሽ ይችላል። ተጫዋቾቹ አልሰነፉም፤ ዕጣቸው ነው። እናም ሐሙስ ዕለት የእናንተን ሰው አብሮት በተመሳሳይ ሰዓት ከወጣው ጋር ብቻ አወዳድሩት።

ሁለተኛው ወጥመድ ስንት ቀዳዳ እንደተጫወተ የሚያሳየው ረድፍ ነው። ሁሉም ከአንደኛው ቀዳዳ አይጀምርም። ሜዳው ላይ ለመብቃቃት ግማሾቹ ከ10ኛው ይነሳሉ። ብዙ ሰሌዳዎች ይኼን በኮከብ ምልክት ያሳያሉ። 9 ቁጥር አጠገቡ ኮከብ ካለ ሰውዬው ከ10 እስከ 18 ጨርሶ ወደ አንደኛው እየሄደ ነው። ለምን ይጠቅማል? ቀዳዳዎቹ እኩል አይከብዱም። ሁለት ባለ አምስት ፓር ቀዳዳ የቀረው ሰው ከመሪው በአንድ ምት ወደ ኋላ ቢሆን እንኳ የተሻለ ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ባለ አምስት ፓር ለነዚህ ሰዎች በርዲ መልቀሚያ ነው። ምን ምን እንደቀረው የየቀዳዳውን ፓር የሚዘረዝረውን የሜዳውን ካርድ ከፍታችሁ እዩ። ተንታኞች በቴሌቪዥን የሚናገሩት ግማሹ ከዚያው ካርድ የተነበበ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ከት ነው። አርብ ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ የመጀመሪያዎቹ 65 ሰዎችና ከ65ኛው ጋር እኩል የሆኑት ሁሉ ያልፋሉ። ሌላው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። 65ኛው ሰው ከፓር አንድ በታች ከሆነ፣ ከፓር አንድ በታች ያለ ሁሉ አለፈ ማለት ነው፤ 80 ሰው ቢሆንም። ሰሌዳው ላይ የሚታየው መስመር ግን የተገመተ ነው፤ በየደቂቃው ይንቀሳቀሳል። ጠዋት ጨርሶ ልክ በፓር ላይ የቆመ ሰው በግምቱ ወድቋል እንበል። ከሰዓት ያሉት ነፋስ ሲያጋጥማቸው፣ ቦጊ ሲደራርቡ፣ መስመሩ ወደ እሱ ይወርድለታል። ሰውዬው ሆቴል ቁጭ ብሎ፣ ምንም ሳይመታ፣ አለፈ።

ከት ላይ የወደቀ በተለመደው ውድድር የሽልማት ገንዘብ የለውም። የአውሮፕላን ትኬቱን፣ ሆቴሉን፣ ዕቃውን የሚሸከምለትን ካዲ የሚከፍለው ግን ከኪሱ ነው። አሸናፊው ከጠቅላላው ሽልማት አንድ ስድስተኛ ገደማ ሲወስድ፣ 66ኛው ሰው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ለዚህ ነው በሳምንት አንዴ ብቻ የመቀመጥ ጊዜ ያለው ሰው እሁድን ትቶ አርብን ይያዝ የምለው። አውሮፓ ውስጥ በበጋ የመጨረሻዎቹ ሰዎች የሚገቡት በእኛ ከምሽቱ 3 እና 4 ሰዓት መሀል ነው። እራት በልታችሁ ትደርሳላችሁ። ቴሌቪዥንም አያስፈልግም፤ የቱሩ ነፃ የቀጥታ ሰሌዳ ይበቃል። እንደውም ካሜራው መሪዎቹ ላይ ስለሚያተኩር ከት ላይ የሚንጠለጠለውን ሰው አያሳያችሁም።

ከዚህ ደንብ የሚወጡ አሉ። አልፍሬድ ደንሂል ሊንክስ ስኮትላንድ ውስጥ በሦስት ሜዳ ላይ ይካሄዳል፤ ሴንት አንድሩስ፣ ካርኑስቲና ኪንግስባርንስ። ከቱ የሚመጣው ከሦስት ዙር በኋላ ነው። ሰሌዳው እስከ ቅዳሜ ማታ የተዘበራረቀ ስለሚሆን ለጀማሪ አልመክረውም።

የዓመቱ ሰንጠረዥ፦ አናቱን ተዉት፣ መስመሮቹን እዩ

ሬስ ቱ ዱባይ ይባላል። ከ2009 ጀምሮ በዚህ ስም አለ። በየውድድሩ በሚገኝ ነጥብ ይደረደራል። ሰው የሚያየው አንደኛውን ነው፤ እናንተ ግን አራት ቦታ ላይ መስመር አስምሩ። ወደ አቡ ዳቢው ማጠቃለያ የሚገቡት የመጀመሪያዎቹ 70 ናቸው። ወደ ዱባዩ የሚገቡት 50። በዓመቱ መጨረሻ አስቀድሞ መብቱ ከሌላቸው መካከል የተሻሉት 10 ለፒጂኤ ቱር ካርድ ያገኛሉ። ከታች ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ካርድ የሚያሳጣው መስመር አለ። ጥቅምት ላይ ወሬው ሁሉ ያለው እነዚህ አራት መስመሮች አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚናደዱበት ነገር አለ። “ማኪልሮይ ጥቂት ውድድር ተጫውቶ እንዴት አንደኛ ይሆናል?” ይላሉ። መልሱ አራቱ ሜጀሮች ናቸው፤ ማስተርስ፣ ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ፣ ዩኤስ ኦፕንና ዘ ኦፕን። ነጥባቸው ትልቅ ነው፤ እዚህም ይቆጠራል። ማኪልሮይ በ2025 ማስተርስን ሲያሸንፍ የዱባዩን ሰንጠረዥም አብሮ ቀየረው። ፍትሐዊ ነው ወይ? ለእኔ አይመስለኝም። ዓመቱን ሙሉ ከአገር አገር የሚዞረው ሰው ትንሽ ይጎዳበታል። ግን ሕጉ ይኼ ነው፤ ስትቆጥሩ አትርሱት።

አንዴ እንኳ በአካል እዩ

ለአዲስ አበባ ሰው የሚቀርበው የኬንያ ኦፕን ነው። ውድድሩ ከ1967 ጀምሮ አለ፤ የዚህ ቱር አካል የሆነው በ2019 ነው። በ1978 ስፔናዊው ሴቬ ባሌስቴሮስ አሸንፎታል። ብዙውን ጊዜ የካቲት አካባቢ ናይሮቢ ላይ ይደረጋል። ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ኳሱም ከተለመደው ርቆ ይሄዳል። ዱባይ ወይም አቡ ዳቢ የምትኖሩ ደግሞ ማጠቃለያዎቹ ደጃችሁ ናቸው።

ሜዳ ላይ መሪዎቹን አትከተሉ፤ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው። አጭር ባለ ሦስት ፓር ቀዳዳ ፈልጉና ግሪኑ (ቀዳዳው ያለበት አጭር ሣር) ዳር ተቀመጡ፤ ሁሉም በፊታችሁ ያልፋል። ኮፍያ፣ ውኃ፣ ምቹ ጫማ። ስልክ ድምፁ ይጥፋ። ተጫዋቹ ሲመታ ትንፋሽም አይሰማ፤ የስታዲየም ጩኸት እዚህ አይሠራም።

ማጠቃለያዎቹ

ዱባይ ላይ ጁሜራ ጎልፍ ኢስቴትስ፣ ኧርዝ የተባለው ሜዳ ላይ 50 ሰው ይገባል። ከት የለም። የሽልማቱ ድምር 10 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 3 ሚሊዮኑ የአሸናፊው ነው። እዚህ ሁለት ስክሪን ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ ለውድድሩ፣ አንዱ ለዓመቱ ሰንጠረዥ። ሁለቱ የተለያየ አሸናፊ ሊኖራቸው ይችላል።

በ2025 የሆነው ይኸው ነው። ማኪልሮይ በመጨረሻው ቀዳዳ ኢግል መትቶ ማት ፊትዝፓትሪክን ከፓር 18 በታች ላይ ደረሰበት። መለያው ላይ በመጀመሪያው ቀዳዳ ፊትዝፓትሪክ አሸነፈ። ማኪልሮይ ውድድሩን ተሸንፎ ዓመቱን ግን ወሰደ፤ ለሰባተኛ ጊዜ። ባሌስቴሮስን በአንድ አለፈው። ስምንት ጊዜ የወሰደው ኮሊን ሞንትጎመሪ ብቻ ከፊቱ ቀርቷል። አንድ ስክሪን ብቻ የከፈተ ሰው ተሸናፊው ሌላ ዋንጫ ሲያነሳ አይቶ ግራ ይጋባል።

አቅም ከተረፋችሁ በዚያው ሰሞን ስፔን ውስጥ፣ ኢንፊኒተም ላይ የሚደረገውን የማጣሪያ ትምህርት ቤት የሚባለውን ውድድር እዩ። ካርድ የሌላቸውና ያጡት ስድስት ዙር ይጫወታሉ፤ 108 ቀዳዳ። የቴሌቪዥን ግርግር የለም፤ ሰሌዳውን ብቻ ክፈቱ። የሚያልፉት ጥቂት ናቸው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሦስተኛ ሰውም ከዚያ ዝርዝር መምረጥ ይቻላል።