መረሬ መሬት ላይ አትክልት ስናለማ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪና ደነባ አካባቢ ጓሮ ያለው ሰው መረሬን፣ ጥቁሩን የሸክላ አፈር፣ ያውቀዋል። ክረምት ከእግር አይላቀቅም፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። ግን ደካማ አፈር አይደለም። ውሃም ንጥረ ነገርም አጥብቆ ይይዛል። የሚጎዳው ብዙ ጊዜ የእኛ አያያዝ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት እርጥብ ሳለ መቆፈር ነው። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ዶማ ይዞ መግባት ያጓጓል። አትግቡ! እርጥብ መረሬ ሲቆፈርና ሲረገጥ አየር የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ሲደርቅ ጓሉ አልፈርስ ይላል። መጀመሪያ ከአንድ ስንዝር ጥልቀት እፍኝ አፈር አውጡና በመዳፋችሁ አሹት። እንደ ገመድ ከተጠቀለለ ጠብቁ። በአውራ ጣት ገፋ ስታደርጉት ከተፈረፈረ ጊዜው ደርሷል። ይህ ጊዜ አጭር ነው፤ ካለፈ አፈሩ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ዝናቡ መውጣት ሲጀምር ቶሎ ቶሎ ፈትሹ።

ሁለተኛው አሸዋ መጨመር ነው። ለውጥ የሚያመጣው እጅግ ብዙ ሲሆን ብቻ ነው። ጥቂቱ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ አፈሩን ያጠነክረዋል። ለአሸዋ የምታወጡትን ገንዘብና ጉልበት ለብስባሽ አድርጉት።

እዚህ ላይ ችግሩ ይገባኛል። በእኛ አገር እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፣ ማገዶ የለማ! ቢሆንም የበግ በጠጥ፣ ዘር ያልያዘ አረም፣ የወጥ ቤት ትራፊና የተበላሸ ገለባ አለ። አንድ ላይ ከምራችሁ አብስሉት። በየዓመቱ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አልብሱና ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅሉት። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ አረምም ያመጣል። አመድም ብስባሽን አይተካም።

ጓይ ማንደድ፣ ማለትም አፈሩን ከምሮ ማቃጠል፣ ለጓሮ አይሆንም። የመጀመሪያው ምርት ደስ ይላል፤ ግን አፈሩን የሚያላላው ብስባሽ አብሮ ይነዳል።

ሌላው ለጥ ባለ መሬት ላይ መትከል ነው። እነዋሪ ላይ ለስንዴ በእጅ መደብና ቦይ እየሠሩ ውሃ ማጠንፈፍ የቆየ ልማድ ነው። ጓሯችሁም ይህንኑ ይፈልጋል። መደቡ ወርዱ ከ1 እስከ 1.2 ሜትር፣ ከፍታው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በሁለቱም በኩል እጅ ስለሚደርስ መደቡን መርገጥ አያስፈልግም። ቦዩ መውጫ ይኑረው፤ ካልሆነ ውሃው ሥሩ ላይ ይተኛል።

መጀመሪያ ዓመት ካሮት አትዝሩ። ሥሩ ይጣመማል፣ ይከፋፈላል። በጎመን፣ በጥቅል ጎመንና በባቄላ ጀምሩ።