የአያት ታጣፊ ካሜራ ምን ዓይነት እንደሆነና ስንት እንደሚያወጣ እንዴት እናውቃለን?

ጅማ ውስጥ ከሳጥን ሥር የወጣ አሮጌ ካሜራ ሁሉ «የጣሊያን ጊዜ ነው» ይባላል። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ከወሬው በፊት ካሜራውን ማየት ይሻላል።

መጀመሪያ ጀርባውን አትክፈቱ። ከኋላው ትንሽ ቀይ መስኮት አለች። በእሷ ቁጥር ከታየ ውስጡ ፊልም አለ። የአክስታችሁ ሠርግ ሊኖርበት ይችላል፤ ብርሃን ከገባ ግን አለቀ። ቁጥሮቹ እስኪያልቁ ማዞሪያውን ጠቅልሉና ጨለማ ክፍል ውስጥ አውጡት። ማዞሪያው እምቢ ካለ አትታገሉት።

ከዚያ ቁልፉን ተጭናችሁ ፊቱን ክፈቱ። እንዳይፈናጠር በእጅ ደግፉት።

አሁን ወደ ካሜራው ስም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሌንሱ ዙሪያ «ኮምፑር» ወይም «ፕሮንቶር» የሚል ያነብና «ካሜራዬ ኮምፑር ነው» ይላል። አይደለም። ያ የሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውና የሚዘጋው መሣሪያ፣ ስም ነው። ብዙ የካሜራ ፋብሪካዎች ያንኑ ሹተር እየገዙ ይገጥሙ ነበር። «ቴሳር» እና «ኖቫር» ደግሞ የሌንስ ስሞች ናቸው። «ዲ.አር.ፒ.» የሚለውም የጀርመን ፓተንት ምልክት እንጂ ፋብሪካ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ «ኮምፑር ካሜራ» ብሎ ዋጋ መፈለግ መኪናን በጎማው ስም እንደመፈለግ ነው።

የካሜራው ስም ብዙ ጊዜ ቆዳው ላይ ነው ያለው። ቀለም ስለሌለው ከዓይን ያመልጣል። የስልክ መብራት ከጎን አብሩበት፣ በጣትም ዳብሱት፤ ማንጠልጠያው ሥር ሳይቀር። ዛይስ አይኮን የተባለው የጀርመን ካሜራ ፋብሪካ ቆዳው ላይ እንደ 521/2 ያለ ቁጥር ያትም ነበር። ይህ ቁጥር ኢኮንታ የተባለው ሞዴል ነው። ኮዳክ ከሆነ ውስጡንም እዩ፤ የፊልሙ ቁጥር እዚያ ይገኛል።

ወደ ዕድሜው እንምጣ። የጣሊያን ጊዜ የሚባለው እንደ ፈረንጆቹ ከ1936 እስከ 1941 ነበር። ካሜራው ላይ በእንግሊዝኛ «የአሜሪካ ቀጠና፣ ጀርመን» የሚል ጽሑፍ ካለ የተሠራው ጀርመን ከተሸነፈች በኋላ ነው። ስለዚህ የጣሊያኑ ታሪክ እዚያው ላይ ይወድቃል። 620 የሚባለውን የፊልም ዓይነት የሚጠቅስ ከሆነ ደግሞ ከ1930ዎቹ አይቀድምም። 620 ፊልም ፋብሪካዎች ማምረት አቁመዋል። 120 ግን ዛሬም ይሸጣል፤ በ120 የሚሠራ ካሜራ ፈላጊ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

ዋጋውን የሚወስነው ከዕድሜው ይልቅ ጤናው ነው። በእኔ ግምት የጅማ እርጥበት ከዘመኑ ርዝመት በላይ ይጎዳል። ሌንሱን በብርሃን አሳልፋችሁ እዩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ በሶፍት አትፈትጉት። ቆዳ ቦርሳው ውስጥም መልሳችሁ አትክተቱት፤ እርጥበት ይይዛል። ቀጥሎ ወናፉ፣ ማለትም ሌንሱን ከካሜራው ጋር የሚያያይዘው ታጣፊ ክፍል። ፊልም እንደሌለ ካረጋገጣችሁ ጀርባውን ክፈቱ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ ከውስጥ አብሩና ማዕዘኖቹን ተመልከቱ። የብርሃን ነጥብ ከታየ ተበስቷል። ሹተሩን አንድ ሰከንድ ላይ ሞክሩት። የዘገየ ወይም የተጣበቀ ከሆነ ዘይት አትጨምሩበት። በዘይት «ተጠገነ» የሚባለው ነገር ኋላ ላይ የባሰ ጣጣ ነው።

ዋጋ ስታዩ ሻጮች የጠየቁትን ተዉት። ሰው የፈለገውን ይጠይቃል። ኢቤይ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን መርጣችሁ፣ ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተመሳሳይ ሌንስና ሹተር ያለውን እዩ። ያው ሞዴል በቴሳር ሲሆን በኖቫር ካለው ይወደዳል። ተራ ታጣፊዎች ብዙ ገንዘብ አያወጡም፤ የርቀት መለኪያ የተገጠመለት ሱፐር ኢኮንታ ግን ሌላ ነገር ነው። ለመሸጥ ከወሰናችሁ የስሙን፣ የሌንሱንና የወናፉን ፎቶ ለየብቻ አንሱ። ቀዳዳና ሻጋታ ካለም በፎቶ አሳዩት፤ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።