ረጅም የቡድን ብስክሌት ጉዞና ቴአትር በአንድ ቀን፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

80 ኪሎ ሜትር ነድቶ ምሽት ላይ ቴአትር መግባት ድንቅ ቀን ነው። ቀኑን የሚያበላሹት ስህተቶች ግን አብዛኞቹ ገና ጉዞው ሳይጀመር የሚሠሩ ናቸው።

ሰዓቱን በፍጥነት ብቻ ማስላት

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። «በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከነዳን 4 ሰዓት ይበቃናል» የሚለው ስሌት ቆሞ የሚያልፈውን ጊዜ ይዘነጋል። በቡድን ጉዞ የአንዱ ጎማ ሲተነፍስ የሚቆመው ሁሉም ነው። ስለዚህ ትርኢቱ ከሚጀምርበት ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ለመንገዱ 4 ሰዓት፣ ባለ 15 ደቂቃ አራት ማረፊያዎች 1 ሰዓት፣ ለሁለት የተነፈሱ ጎማዎች ግማሽ ሰዓት፣ ለመታጠብ፣ ልብስ ለመቀየርና ለመብላት 1 ሰዓት ተኩል። ድምሩ 7 ሰዓት ነው። ምሽት 12 ሰዓት ለሚጀምር ቴአትር ቢዘገይ ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ መነሳት አለባችሁ። ነፋሱ ከፊት ከሆነ ወይም ዳገት ከበዛ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ይዛችሁ አስሉ፤ ይህ ብቻውን 1 ሰዓት ይጨምራል። ብዙ ቲያትር ቤቶች አርፍዶ የመጣን ሰው እስከ ዕረፍት ድረስ እንደማያስገቡም አትርሱ።

ጉልበተኛው ፊት ሆኖ እንዲፈጥን መተው

ፊት ያለው ከመታጠፊያ ወጥቶ ሲፈጥን መጨረሻ ያለው ገና እየታጠፈ ነው። ክፍተቱን ለመዝጋት በሙሉ ኃይሉ መርገጥ ይኖርበታል፤ ይህ በየመታጠፊያው ሲደጋገም ይዝላል፣ ቡድኑም ይበጣጠሳል። ደከም ያለው ሰው ነፋሱ እንዲከለልለት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ይሁን። ከብርቱዎቹ አንዱ ደግሞ የመጨረሻ ሆኖ ማንንም ሳይተው ይምጣ።

በሰው መለዋወጫ መተማመን

የጎማ መጠንና የቫልቭ ዓይነት ከብስክሌት ብስክሌት ይለያያል። እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ጎማ የሚሆን ሁለት ካላማዳሪ (አየር የሚሞላበት የውስጥ ጎማ) ይያዝ፤ መንፊያና መፍቻ ግን ለሦስት ሰው አንድ ይበቃል። አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት የውጩን ጎማ ውስጡን በጣት በጥንቃቄ ዳስሱ። የቀረ እሾህ ወይም ስባሪ ካለ አዲሱም ወዲያው ይተነፍሳል።

ተርቦ ደርሶ ጠግቦ መግባት

መንገድ ላይ ሳይበላ የመጣ ሰው ከትርኢቱ በፊት ከባድ ምግብ ይበላና ጨለማው አዳራሽ ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። በየ45 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ብሉ፤ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት በቂ ነው። እግሩን ቁርጠት የሚይዘው ሰው ካለ ትኬቱ ከመተላለፊያው ዳር ይሁን።

በላብ ልብስ መቀመጥ

ከላይ ጃኬት መደረብ አይበቃም። የውስጥ ልብስና ካልሲም ጭምር ደረቅ ቅያሪ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ። ብረት ያለው የብስክሌት ጫማ በአዳራሹ ወለል ላይ ያንሸራትታል፣ ይንኳኳልም፤ ቀላል ጫማ ያስፈልጋል።

የፊት ጎማውን ብቻ መቆለፍ

የፊት ጎማ በቀላሉ ይፈታል፤ ሌባው እሱን ትቶ ሌላውን ይወስዳል። ቁልፉ ቴላዮውን (የብስክሌቱን ዋና አካል) እና የኋላውን ጎማ ከማይነቀል ብረት ጋር ይሰር። ሻንጣና ሄልሜት የሚያስቀምጥላችሁ መኖሩን ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

የመልስ ጉዞውን አለማሰብ

ከቴአትር ስትወጡ ጨልሟል፣ ቀዝቅዟል፣ እግርም ደርቋል። የፊት ነጭና የኋላ ቀይ መብራት ሙሉ ቻርጅ ይኑራቸው። የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች በቀላል ማርሽ ንዱ። በብስክሌት መመለሱ የሚከብደው ሰው ካለ መኪናው ጠዋት ሳትነሱ ይያዝለት።