የኮምቦልቻ ቆዳ ባሕር ተሻግሮ ኩባንያ እንዲሆን፦ ከሌጦ እስከ ውጭ አገር ግዢ

የባቲ አካባቢ የፍየል ሌጦ በዓለም የቆዳ ገበያ በራሱ ስም ይታወቃል። ኮምቦልቻ ላይ ቆዳ የሚያለፋ ፋብሪካ ይህን ስም ይዞ በብዙ አገር የሚሠራ ኩባንያ ለመሆን ከፈለገ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

1. ከእርድ ቦታው ጀምሩ። ሌጦ በታረደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨው ካልተነሰነሰበት ጠጉሩ ይለቃል፤ ቆላ ላይ ደግሞ ይፈጥናል። የክብደቱን ግማሽ ያህል ጨው መድቡ። የቢላ ጭረትና በተባይ የሚመጣ እከክ ብዙ ጊዜ በደንብ የሚታየው ጠጉሩ ከተነሳ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ ተከፍሏል። ስለዚህ ለሰብሳቢ በፍሬ ሳይሆን በደረጃ ክፈሉ፤ ቀሪውን ሂሳብ ጠጉሩ እስኪነሳ ያዙ። መጀመሪያ ላይ ይኮረፋል፣ ይለመዳል። በጥራት ላይ ለመጨከን ሀብታም መሆን አይጠበቅም፦ የቻይናው የቤት ዕቃ አምራች የሃየር ኃላፊ ዣንግ ሩይሚን በ1985 እ.ኤ.አ. እንከን የተገኘባቸውን 76 ፍሪጆች በመዶሻ ያስሰበረው ፋብሪካው ገና ዕዳ ውስጥ እያለ ነው።

2. የገዢውን ሕግ የራሳችሁ አድርጉ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰውነት በሚነካ ቆዳ ውስጥ ክሮም 6 (ቆዳ የሚለፋበት ክሮም 3 ሲቀየር የሚፈጠረው ጎጂ ዓይነት) በኪሎ 3 ሚሊግራም እንዳይደርስ ያዛል። ብዙ ፋብሪካ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ቆዳው ከማቅለሙ በፊት አሲዱ ሲቀነስ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከልክ ካለፈ፣ ወይም ማለስለሻው ቶሎ የሚበላሽ የዓሳ ዘይት ከሆነ፣ ክሮም 3 ወደ ክሮም 6 ይቀየራል። ፋብሪካው ውስጥ ንጹሕ የነበረ ቆዳ በሚሌ በኩል ጂቡቲ ደርሶ፣ በጋለ ኮንቴይነር ሰንብቶ ሊበላሽ ይችላል። መፍትሔው ከመጫኑ በፊት ናሙናውን በ80 ዲግሪ ሙቀት ለ24 ሰዓት አቆይቶ ማስለካት ነው።

3. በሌላው ስም እየሠራችሁ ተማሩ፤ ግን ከአንድ ገበያ ሲሶ ሽያጭ አትለፉ። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ምርቶች የአሜሪካን ገበያ ያለ ቀረጥ ከሚከፍተው ከአጎዋ ስትወጣ ለአሜሪካ ብቻ ይሰፉ የነበሩ ልብስ ፋብሪካዎች የደረሰባቸውን ሁሉም ያውቃል።

4. በጠባብ በር ግቡ። ሃየር አሜሪካ የገባው ትልልቆቹ አምራቾች ችላ ባሉት የተማሪ መኝታ ክፍል ትንሽ ፍሪጅ ነው። ለእናንተ ይህ የጓንት ቆዳ ሊሆን ይችላል፤ ውፍረቱ 0.5–0.7 ሚሊሜትር፣ ሁሉም የማይደፍረው ሥራ። መጀመሪያ ገዢው ከተማ ውስጥ መጋዘንና አንድ ሻጭ ይበቃል። አገሩን የሚያውቅ ሸሪክ ካስፈለገ የኢትዮጵያ አየር መንገድን እዩ፦ በሎሜው አስካይና በማላዊ አየር መንገድ የገባው ከአገሬው ባለድርሻ ጋር ነው።

5. ፋብሪካ መግዛት የመጨረሻው ነው። የሜክሲኮው ሲሚንቶ አምራች ሴሜክስ በ2007 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያውን ሪንከር ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲገዛ አብዛኛው ብድር ነበር። በዓመቱ ሪንከር አብዛኛውን ገቢ የሚያገኝበት የአሜሪካ ግንባታ ክፉኛ ተቀዛቀዘ፤ በ2009 የአውስትራሊያ ንብረቱን ሸጠ። ብድራችሁ ገቢያችሁ በሚገባበት ገንዘብ ይሁን። ካፒታል ከአገር ከማውጣታችሁ በፊት የብሔራዊ ባንክን ወቅታዊ መመሪያ አጣሩ። የምትገዙት ፋብሪካ ዋጋ ያለው ብዙ ጊዜ ቀለም ቀማሚው ጭንቅላት ውስጥ ነውና፣ ከባለቤቱ ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት ከእሱ ጋር የሦስት ዓመት ውል ይኑራችሁ።