የሰፈሩን ሰው ያሳተፈ የቤት ዕቃ ዐውደ ርዕይ እንዴት ይዘጋጃል?

ሐዋሳ ውስጥ የቤት ዕቃ እየነደፈ የሚያመርት ስቱዲዮ ዐውደ ርዕይ ሲያስብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያማሩ ሥራዎቹን ይመርጥና የሰፈሩን ሰው በመክፈቻው ዕለት ይጠራል። ከሰፈሩ ጋር አብሮ በሚዘጋጅ ዐውደ ርዕይ ግን ሰዎቹ የሚገቡት ንድፉ ወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት ነው፤ ስለዚህ ከመክፈቻው ቢያንስ አራት ወር ቀድሞ መነሣት ያስፈልጋል። ዝናብ የማይበዛበት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ታኅሣሥ 19 አካባቢ ግን ከተማዋ በገብርኤል ንግሥ እንግዶች ስለምትሞላ ድንኳንም የጭነት መኪናም ማግኘት ያስቸግራል።

በመጀመሪያ ወደ እድሩ ይሂዱ። የሰፈሩ ሰው በለቅሶው ሁሉ ተራ በተራ የተቀመጠባቸው አግዳሚ ወንበሮች ያሉት እድሩ ዘንድ ስለሆነ፣ ዳኛውን አስፈቅደው ዕቃ ቤቱን ይመልከቱ። አንዱን አግዳሚ ገልብጠው ቢያዩት፣ እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሦስት አራት ጊዜ በተለያየ ምስማር ተመትቶ፣ በቆርቆሮ ቁራጭ ተደግፎ ሊያገኙት ይችላሉ። ወንበሩ የት ላይ እንደሚደክም ከማንኛውም መጠይቅ ይልቅ ይህ ጥገና በግልጽ ይናገራል። ፎቶ ያንሡት፤ በኋላ ከአዲሱ ሥራ ጎን ይሰቀላል።

ቀጥሎ ከስምንት እስከ አሥር የሚሆኑ ተሳታፊዎችን ይምረጡ፦ ቡና አፍልታ የምትሸጥ እናት፣ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚበልት ወጣት፣ ቤት ውስጥ ልብስ የሚሰፋ አባወራ፣ ደጅ ላይ ተቀምጠው የሚውሉ አዛውንት። ሥራቸውን ትተው ስለሚመጡ የውሎ አበላቸው አስቀድሞ ይታሰብ። «ምን ዓይነት ወንበር ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም፤ ጨዋ ሰው ለእንዲህ ያለው ጥያቄ «እናንተ ታውቁ የለ፣ ልጄ» ብሎ ያልፋል። ይልቁንም የት ተቀምጠው እንደሚሠሩ፣ ማታ የትኛው የሰውነታቸው ክፍል እንደሚያማቸው ይጠይቁ። ከዚያም «እማማ፣ እስቲ እንደ ሁልጊዜው ይቀመጡልኝ» ብለው ክር ያውጡና ከጉልበታቸው ጀርባ እስከ መሬት ይለኩ። የተለመደው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር መቀመጫ ከመሬት 45 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ረከቦት ፊት ለምትቀመጥ ሴት ግን የዚህ ግማሽ ያህል ሊበቃት ይችላል። የተለካበት ክር ስማቸው ተጽፎበት ይቀመጥ። በዐውደ ርዕዩ ላይ ከበርጩማው አጠገብ ቢንጠለጠል፣ ቁመቱ ከየት እንደመጣ ተመልካቹ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

እንጨቱን በሚመለከት ዋንዛና ቀርከሃ ለዚህ አካባቢ ቅርብ ናቸው። የዋንዛ ጣውላ በጥላ ሥር በአየር ሲደርቅ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል ስለሚባል፣ አራት ወር ላለው ሥራ የደረቀውን ፈልጎ መግዛት ግድ ነው። እርጥቡ ጣውላ በጎኑ እየጠበበ ሲሄድ መጋጠሚያው ይላላል። ቀርከሃን በተመለከተ በሲዳማ ደጋ፣ በሁላና በአርቤጎና በኩል፣ ቤትና አጥር ሲሠሩበት የኖሩ አዛውንት ዕድሜውን በዓይናቸው ይለያሉ፤ እነሱን እንደ አማካሪ ብቻ ሳይሆን ሥራውን እንደሚመሩ ባለሙያዎች ይያዟቸው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ውኃ ስለሚበዛበት ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል።

መሥራት ከመጀመሩ በፊት አጭር ስምምነት ይጻፍ፦ ንድፉ በማን ስም ይጠራል፣ ዕቃው ቢሸጥ ገንዘቡ እንዴት ይከፈላል፣ ያልተሸጠው ወዴት ይሄዳል። ስምምነቱ ተሳታፊው በሚሰማው ቋንቋ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ለቀበሌው የማሳወቂያ ደብዳቤ ማስገባትም አይረሳ።

ዕቃው ሲደረደር በመካከሉ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያልፍበት 90 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ይተው። የመግለጫ ጽሑፉ በሲዳምኛና በአማርኛ ይዘጋጅ፤ የተሳታፊውም ስም ከነዳፊው ስም ጋር እኩል በሆነ ፊደል ይጻፍ። ከሁሉም በላይ ገመድ አይዘርጉ። እኔ በመጀመሪያው ዝግጅቴ ወንበሮቹ እንዳይቆሽሹ ገመድ ዘርግቼ ነበር፤ አንድ አባት አራት ባዶ ወንበር ፊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመው አይተው፣ አመስግነው ወጡ። ያን ዕለት ማታ ገመዱን ጠቀለልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ዘርግቼ አላውቅም። መቀመጫ የሚመዘነው ሲቀመጡበት ነውና ቡናው እዚያው ይፈላ፣ ሰውም ይቀመጥ፣ ይደገፍ፣ ቢፈልግም ገልብጦ መጋጠሚያውን ይመርምር። የቫርኒሹ መጫጫር በአንድ ቀን ሥራ ይስተካከላል።

የመክፈቻውን ንግግር የእድሩ ዳኛ ቢያደርጉት ይመረጣል። ሰዓቱ ሲወሰን የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች በሥራ ቀን መምጣት እንደማይችሉ ታስቦ እሑድ ሙሉ ቀን ክፍት ይሁን።

ዐውደ ርዕዩ ሲዘጋ አዲሱ አግዳሚ ወንበር ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ይገባል፣ በርጩማውም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። የመጀመሪያው ክረምት ካለፈ በኋላ ግን መዶሻና ኮላ ይዘው እንደገና ይሂዱ፤ እንጨቱ እርጥበት ስቦ መልሶ ሲደርቅ የላሉ እግሮች ካሉ ሽብልቅ አስገብተው ያጥብቁ። የትኛው መጋጠሚያ እንደላላም ከመጀመሪያው የጥገና ፎቶ ጋር በአንድ ማኅደር ይያዙት።