በኳርትዝ ላይ የሚያድጉ ናኖቲዩቦች ሲንጋደዱ፦ ችግርና መፍትሄ

በኤስቲ ከት ኳርትዝ ዌፈር (በተወሰነ ማዕዘን የተቆረጠ ስስ የኳርትዝ ክሪስታል ዝርግ) ላይ፣ ከብረት ካታሊስት (ዕድገቱን የሚያስጀምር ቁስ) መስመሮች ተነስተው ስለሚያድጉ ባለአንድ ግድግዳ ካርቦን ናኖቲዩቦች (ግድግዳቸው አንድ የካርቦን አቶም ንጣፍ ብቻ የሆነ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች) ነው የምናወራው። ምድጃው ጋዝ እንደማያፈስና ቴርሞካፕሉ (የሙቀት መለኪያው) በቦታው እንዳለ አረጋግጣችኋል ብለን እንነሳ።

ዌፈሩ ተሰነጠቀ። ኳርትዝ 573 ዲግሪ ላይ የክሪስታል አደረጃጀቱን ይለውጣል። በዚያ አካባቢ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ቀስ ይበል። ቶሎ ይብረድ ብሎ የምድጃውን ክዳን መክፈት ዌፈሩን መስበር ነው።

ምንም አልበቀለም። የብረት ኦክሳይዱ በሃይድሮጅን ወደ ብረትነት አልተመለሰም፤ ወይም የብረት ፊልሙ (ስሱ የካታሊስት ንብርብር) ወፍሮ ቅንጣቶቹ ከልክ በላይ አድገዋል። ሃይድሮጅን ከመክፈታችሁ በፊት የምድጃውን ቱቦ በአርጎን አጥባችሁ አየሩን አስወጡ። ይህን መዝለል ፍንዳታ ያስከትላል።

ጥላሸት ለበሰ። የካርቦን ምንጭ የሆነውን ሜቴን ወይም የኤታኖል ትነት ቀንሱ።

ተንጋደዱ። ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው። መስመሩ ጥግ ላይ መጠላለፋቸው ያለ ነው፤ አያስደንግጣችሁ። በሁለት መስመሮች መካከል፣ ከካታሊስት ባዶ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ሲታጠፉ ግን ችግር አለ። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑን 1 ኪሎቮልት አካባቢ አድርጋችሁ መታጠፊያውን አቅርቡት። ነጭ ነጥብ ካያችሁ የባዘነ ካታሊስት ነው። ናኖቲዩቡ ቀጥ የሚለው ከኳርትዙ ገጽ ጋር ተጣብቆ የክሪስታሉን አቅጣጫ ስለሚከተል ነው፤ ቅንጣት ሲያጋጥመው አቅጣጫውን ይስታል። ከቅንጣቱ ራሱ የሚበቅሉ አጫጭሮችም ረጅሞቹን ያቋርጧቸዋል።

ምንጩ ብዙ ጊዜ ሊፍት ኦፍ ነው፦ ፎቶሬዚስቱን (መስመሮቹ የተቀረጹበትን፣ ለብርሃን ስሱ የሆነ ሽፋን) በአሴቶን አሟሙቶ ትርፉን ብረት አብሮ መላጥ። ከፎቶሬዚስቱ ጋር የተላጠው ብረት አሴቶኑ ውስጥ ይንሳፈፍና ተመልሶ ዌፈሩ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ዌፈሩን ፊቱን ወደ ታች ደፍታችሁ ከመያዣው ታች ከፍ አድርጉት፤ አሴቶኑን በአዲስ ቀይሩ፤ ሲወጣ ሳይደርቅ ወዲያውኑ በአይሶፕሮፓኖል እጠቡት። አንዴ ከደረቀ የሰፈረው ቅንጣት አይለቅም። የብረት ፊልሙ ከ0.5 ናኖሜትር አይብለጥ። በብረት ወረንጦ የተጫረ ቦታ ላይም ብረት ይቀራል፤ የፕላስቲክ ወይም የሴራሚክ ጫፍ ያለው ተጠቀሙ።

ጥርጣሬ ካለ ካታሊስት ያልተቀባ ዌፈር በፎቶሬዚስቱና በአሴቶኑ አሳልፋችሁ አብራችሁ አሳድጉ። እሱም ላይ ከበቀለ ብክለቱ ከኬሚካሉ ወይም ከምድጃው ነው። ቱቦውን ባዶውን በአየር 900 ዲግሪ ላይ አቃጥሉትና ሙከራውን ድገሙ።

ነጥብ ሳይኖር ሁሉም ከተዘበራረቀ ዌፈሩ በደንብ አልተጋገረም፦ በአየር ውስጥ፣ 900 ዲግሪ፣ 8 ሰዓት ያህል፣ ያውም ከሊቶግራፊው (መስመሮቹን በብርሃን ከመቅረጽ) በፊት። ናኖቲዩቦቹ የሚያድጉት በኳርትዙ ኤክስ አክሲስ (አንዱ የክሪስታል ዘንግ) አቅጣጫ ስለሆነ መስመሮቹ ለእሱ ቀጤ ነክ ይሁኑ። ማስኩ (የመስመሮቹ ንድፍ ያለበት ሰሌዳ) 90 ዲግሪ ከዞረ ናኖቲዩቦቹ ከመስመሩ ሳይወጡ እዚያው ይቀራሉ።

ከናኖቲዩቦቹ የተሠራው ትራንዚስተር (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ) አይጠፋም። ይሄ የማሳደግ ጥፋት አይደለም፤ ከናኖቲዩቦቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ እንደ ብረት አስተላላፊ ናቸው። በአየር ውስጥ ጌቱን (የትራንዚስተሩን መቆጣጠሪያ ጫፍ) ፖዘቲቭ አድርጋችሁ ሴሚኮንዳክተር የሆኑትን ቀሪዎቹን ዝጉ፤ ከዚያ የድሬን ቮልቴጁን (በናኖቲዩቦቹ ውስጥ ጅረት የሚነዳውን) ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጋችሁ አስተላላፊዎቹን አቃጥሉ።